ጥግ ይዘሽ ከምትቆሚ ወንበር ደርድሪ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከአያት ሰፈር የመጣ ነው። ረዘም ይል ስለነበር አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ24 ዓመት ልጅ ነኝ። ባለፈው ዓመት ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሶፍትዌር ምህንድስና ተመረቅሁ። ከጥቅምት ጀምሮ አዲስ አበባ፣ አያት፣ አክስቴ ጋ ነው የምኖረው። ቀን ቀን አንድ አስመጪ ቢሮ ውስጥ ዳታ አስገባለሁ፣ ማታ ማታ ፍላተር በሚባለው የሞባይል አፕ መሥሪያ ኮድ እጽፋለሁ። አክስቴ የሰፈሩ እቁብ ጸሐፊ ስለሆነች ደብተሯን የሚተካ አፕ ሠርቼላት ትጠቀምበታለች። ችግሬ ሰው አለማወቄ ነው። ቦሌ አካባቢ አንድ ትልቅ የቴክ ዝግጅት ላይ ሄጄ ነበር። ሁሉም ይተዋወቃል፣ ይተቃቀፋል፣ ወሬው ግማሹ በእንግሊዝኛ ነው። ጥግ ይዤ ቆሜ ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ቴሌግራም ግሩፖች ውስጥም ገብቻለሁ። ጥያቄ ስጠይቅ ወይ ዝም ይላሉ፣ ወይ ‹ጉግል አታደርጊም?› ይሉኛል። በውስጥ መስመር የጻፈልኝ አንድ ሰውዬ ብቻ ነው፤ ሜንተር ልሁንሽ፣ ማታ ላውንጅ እንገናኝ አለኝ። አንድ ማሠልጠኛ ደግሞ ከከፈልሽ የሥራ ዋስትና አለሽ ብሎኛል። አክስቴ ማምሸቴን አትወድም። ለመሆኑ ይሄ ኮሚዩኒቲ የሚባለው ነገር ለአራት ኪሎና ለቦሌ ልጆች ብቻ ነው? ካልሆነስ በየት በኩል ነው የሚገባው? ደግሞስ ምን ለብሼ ልሂድ?»

እህቴ፣ ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሱ አጭር ነው፦ አይደለም። ግን እንዲያ የመሰለሽ ዝም ብሎ አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ ቴክ ውስጥ ያለው ሰው አብዛኛው የተዋወቀው ዶርም ውስጥ ነው። አንዱ ቡድን አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አብሮ ያጠና፣ ፕሮጀክት የተካፈለ፣ አሳይመንት የተኮራረጀ ነው። ሌላው ቂሊንጦ ያለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው። ከእነሱ ቀደም ያሉት ደግሞ ከአይስአዲስ ዘመን ጀምሮ ይተዋወቃሉ። አይስአዲስ የቴክ ጀማሪዎች መሰባሰቢያ ማዕከል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀመር መኖሪያው የሕንፃ ኮሌጅ ግቢ ነበር። ያኔ ላፕቶፑን ይዞ ሐሳቡን የሚያወራለት ሰው ያጣ ሁሉ ወደዚያ ነበር የሚሄደው።

እና ያን ቀን ያየሽው መተቃቀፍ የናፍቆት ነው። ዶርም የተለያዩ ሰዎች በዓመት አንዴ ሲገናኙ ሌላ ምን ያደርጋሉ? ትልቅ ዝግጅት የሚተዋወቁ ሰዎች የሚገናኙበት ነው። አዲስ ሰው እዚያ ብቻውን ገብቶ ሰው አውቆ መውጣቱ ብርቅ ነው። አንቺ ላይ የደረሰው በየዝግጅቱ በብዙ ልጆች ላይ ይደርሳል። አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፤ ከግድግዳው ስር ስልኩን እየነካካ የቆመ ልጅ አይተሽ ከሆነ፣ እሱም እንዳንቺው ሰው የጠፋበት ነበር። ይሄ ሙያ ዓይን አፋር ይበዛበታል። ያላናገሩሽ ሁሉ ኮርተው አይምሰልሽ፤ ግማሾቹ አፍረው ነው።

የቦሌ ልጅ ስላልሽው ደግሞ፣ በአገሩ ቴክ ስማቸው ከሚጠራ ሴቶች መካከል ሁለቱን እይ። ቤተልሔም ደሴ የሐረር ልጅ ናት። ራይድን የመሠረተችው ሳምራዊት ፍቅሩ ያደገችው አሰላ ነው። ሁለቱም ወደ ሸገር መጥተው ነው ሰው ያወቁት። ኮምቦልቻ ደግሞ ለሸገር ከሐረር የበለጠ ሩቅ አይደለም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ደብዳቤሽ መሃል ላይ እንደ ዋዛ ያለፍሽው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ለአክስትሽ የእቁብ አፕ ሠርተሽላት ትጠቀምበታለች አልሽ። ልጄ፣ ይሄ እኮ ቀላል ነገር አይደለም! ጊትሃቡ (ኮድ ማስቀመጫው ድረ ገጽ) ላይ ቱዱ አፕና የአየር ሁኔታ አፕ የደረደረ ወጣት ከተማው ሞልቷል። እውነተኛ ተጠቃሚ ያለው ግን ጥቂት ነው። ያንቺን አፕ የምትጠቀመው ሴትዮ ብሩ ቢጎድል የምትጠየቅ ሴትዮ ናት። ዕጣ የደረሰው፣ ያልከፈለ፣ በሌላ ሰው እጅ የላከ፣ ሁለት ዕጣ የያዘ... ይሄን ሁሉ አስበሽበታል ማለት ነው። ሰው ፊት ስትቀርቢ ይዘሽ የምትሄጂው ይሄንን ነው። «ሥራ ፈላጊ ነኝ» ብለሽ ራስሽን አታስተዋውቂ። «የእቁብ አፕ እየሠራሁ ነው፣ አክስቴ ትጠቀምበታለች» በይ። ከዚያ በኋላ ጠያቂዎቹ እነሱ ናቸው። እቁብ የማይነካው አበሻ የለምና ሁሉም የራሱን ታሪክ ያወራሻል።

ከዚያ አንድ ቦታ ምረጪ። አንድ! የማየው ስህተት ይሄ ነው፤ አዲስ የመጣ ልጅ በየሳምንቱ የተለየ አዳራሽ ይዞራል፣ ባጅ ይሰበስባል፣ በዓመቱ መጨረሻ ግን ስሙን የሚያውቅ ሰው የለም። ሰው የሚለምድሽ ደጋግሞ ሲያይሽ ነው።

ላንቺ የሚመቸው የቱ ነው? ፍላተር የጉግል ስለሆነ የጉግል ዴቨሎፐር ግሩፕ አዲስ፣ ጂዲጂ የሚሉት፣ ቀጥታ ያንቺ ሰፈር ነው። የሚመሩት በፈቃዳቸው የሚሠሩ የከተማው ልጆች ናቸው። ዴቭፌስት የሚባለው ትልቁ ዝግጅታቸው በፈረንጆቹ ዓመት ማገባደጃ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው የሚውለው፤ ያንን ለኋላ አቆዪው። አንቺ የምትፈልጊው በመሃል በመሃል የሚያደርጓቸውን ሚትአፖች፣ ማለትም ትንንሽ የባለሙያ መገናኛዎች ነው። ሠላሳ አርባ ሰው የሚመጣበት ክፍል ውስጥ መደበቅ አይቻልም፤ ጥቅሙም እሱ ነው። የካቲት 29 አካባቢ ደግሞ የሴቶችን ቀን ተንተርሶ ለሴት ዴቨሎፐሮች የሚዘጋጁ መድረኮች አይጠፉም። እዚያ የሚመጡ ሴቶች አንቺ አሁን ያለሽበትን ያውቁታል።

አይስአዲስና ኤክስሀብ አዲስ ለሥራ ፈጠራ ያደላሉ። አፑን ወደ ኩባንያ ልለውጠው ያልሽ ቀን በራቸውን ታንኳኪያለሽ። ብሉሙን የሚባለው ደግሞ ሲነሳ በግብርና ሥራ ፈጠራ ላይ ያተኮረ ነበር። አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ከሳበሽ አይኮግ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ያለ ነው። ኤቱኤስቪም ስሙ ብዙ ይነሳል፣ እሱ ግን በዋናነት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አልጎሪዝም አሠልጥኖ ለትልልቅ ኩባንያዎች ቃለ መጠይቅ የሚያዘጋጅ ነው። ከዚያ የወጡ ልጆችን ብታገኚ ግን አትለፊያቸው፤ አብሮ መለማመድ ልማዳቸው ነው።

ከመሄድሽ በፊት ሰዓቱን አጣሪ። ይሄን የምልሽ የዋዛ መስሎሽ እንዳታልፊው። «ቅዳሜ 8:30» ብሎ የተጻፈ ማስታወቂያ በፈረንጅ ከሆነ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ በእኛ ከሆነ ከምሳ በኋላ ነው። አንዳንዱ ከጎኑ «ኤልቲ» ብሎ ይጽፋል፤ የእኛ ሰዓት ማለቱ ነው። ያልጻፈ ከሆነ ጠይቂ። ጠዋት ሄዶ ዘበኛውን ብቻ አግኝቶ የተመለሰ ስንት አለ መሰለሽ!

ደግሞ አስቀድመሽ ድረሺ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል። ለምን ብትይ፣ ዝግጅቱ ከመጀመሩ በፊት ያለው ሰዓት ከዝግጅቱ ይበልጣል። ፕሮጀክተሩ ላፕቶፑን አላይ ብሎ አዘጋጁ ላብ ሲያጠምቀው ታገኚዋለሽ። ኬብል የሚፈልግ አለ። ማከፋፈያ ረስቶ የመጣ አለ። ወንበሩ ገና አልተደረደረም። አንዱን ጠጋ ብለሽ «ምን ላግዝ?» በይ። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለውን ተረት ለዚያን ቀን ቤት ትተሽው ሂጂ። አዲስ ሰፈር የገባ ሰው እድርተኛ የሚሆነው በመዝገብ ብቻ አይደለም፤ ድንኳን ሲተከል ካስማ የያዘ ቀን ነው። እዚህም እንደዚያው ነው።

ከቻልሽ የምዝገባውን ጠረጴዛ ያዢ። ከቦታ ሁሉ እሱን የሚያህል የለም። አዳራሹ ውስጥ ሰው ለማናገር ድፍረት ያስፈልግሻል። ጠረጴዛው ጋ ግን የሚገባው ሁሉ በተራ አንቺ ፊት ይቆማል። ስሙን ይነግርሻል። ዝርዝሩ ላይ ትፈልጊለታለሽ፤ «ብሩክ በምን ፊደል ነው የጻፉት?» ትያለሽ፣ እሱ አንገቱን አስግጎ ስክሪኑን ያይልሻል፣ ባጁን ትሰጪዋለሽ። ወሬ አለቀ። በኋላ ሻይ ላይ ሲያይሽ «አንቺ በር ላይ የነበርሽው አይደለሽ?» ብሎ የሚጀምረው እሱ ነው። አንቺ ደግሞ ስሙን ታውቂዋለሽ። በሁለተኛው ጊዜ አዘጋጆቹ ራሳቸው «ትመጫለሽ አይደል?» ብለው ይጽፉልሻል። እዚያ ላይ ገብተሻል። ሌላ የአባልነት ሥርዓት የለውም።

ሰው ስታናግሪ «የት ነው የምትሠራው?» ብለሽ አትጀምሪ። ያ ጥያቄ የሚጠይቀውንም የሚጠየቀውንም ያሳቅቃል፤ ሥራ ያጣ ይኖራል፣ ያንቺም ቀጣይ ጥያቄ «ታስቀጥረኛለህ?» የሚል ይመስላል። የተቸገርሽበትን ጠይቂ። ለምሳሌ አፕሽ ውስጥ ክፍያ ለማስገባት አስበሽ ይሆናል። «ቴሌብርን አፕህ ውስጥ አስገብተህ ታውቃለህ? ንግድ ፈቃድ የሌለው ሰው ከየት ይጀምራል? በቻፓ በኩል ይሻላል ወይስ ቀጥታ?» በይው። (ቻፓ በመሃል ሆኖ ክፍያ የሚያስተላልፍ ድርጅት ነው።) ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ በከተማው ያለ ባክኤንድ ሠሪ ሁሉ ስለዚህ ጉዳይ የሚያወራው ብሶት አያጣም። የፋይዳ መታወቂያን ከአፕ ጋር ማገናኘትም እንደዚሁ ነው። ብሶት ሰው ያቀራርባል፤ ሻዩ ሳያልቅ ስልክ ትለዋወጣላችሁ።

እንግሊዝኛውን አትፍሪው። መድረክ ላይ ያለው ሰው በእንግሊዝኛ ቢናገርም ጥያቄሽን በአማርኛ ብትጠይቂ የሚገረም የለም። «ስቴት ማኔጅመንቱን በምንድነው የሠራኸው?» ማለት ትችያለሽ፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያወራው። ከቤት ስትወጪ አንድ ጥያቄ አዘጋጅተሽ ሂጂ፤ እጅሽን አውጪና ጠይቂ። ስትቀመጪ አጠገብሽ ያለው ሰው «እኔም እሱን ልጠይቅ ነበር» ይልሻል።

በማግስቱ፣ ስልክ ከሰጡሽ ሰዎች ለሁለቱ ወይም ለሦስቱ ብቻ ጻፊ። አጭር ይሁን። «ትናንት ሚትአፑ ላይ ስለ ቴሌብር ያወራን ነን። ያልከውን ሞከርኩት፣ እዚህ ጋ ደረስኩ።» በቃ። «ሃይ» ብለሽ ልከሽ መልስ አትጠብቂ። ሥራ ፈልጉልኝ ብለሽም አትጀምሪ። ሥራው በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ አንድ ቡድን ሰው ሲጎድለው መጀመሪያ የሚጠየቀው «የምታውቁት ሰው አለ?» ነው። እዚያ ጥያቄ ላይ ስምሽ ትዝ እንዲላቸው ነው የምንፈልገው።

ቴሌግራሙ ላይ ደግሞ ትንሽ ልቆጣሽ። ምን ብለሽ እንደጠየቅሽ አልጻፍሽልኝም፣ ግን ልገምት፦ «ሰላም፣ ፍላተር የሚችል አለ? እርዱኝ።» ይሄን ያየ ሁሉ ያልፈዋል፤ መልስ ቢሰጥ ምን ውስጥ እንደሚገባ አያውቅማ። እንዲህ ብትይስ? «የእቁብ አፕ እየሠራሁ ነው፣ መክፈያ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ጳጉሜን 6 ሲመረጥ አፑ ይዘጋል፣ ጳጉሜን 5 ግን ይሠራል። የሞከርኩት ይሄን ነው፣ የወጣው ስህተት ይሄ ነው። ጳጉሜን 6 ያላትን ዓመት እንዴት ነው የምትለዩት?»

ስህተቱን በስክሪንሾት ሳይሆን ጽሑፉን ገልብጠሽ ለጥፊ። ከዚያ እይ፤ ግሩፑ ሲንጫጫ ትሰሚያለሽ። አንዱ «ዓመቱን ለ4 አካፍዪው፣ 3 ከተረፈ ጳጉሜን 6 አላት፣ 2015ን እይው፣ ቀጣዩ 2019 ነው» ይላል። ሌላው ዘመነ ሉቃስ መሆኑን ይነግርሻል። (ይሄን አክስትሽም ሳትነግርሽ አትቀርም።) ሦስተኛው የሠራውን ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ) ሊንክ ይልካል፤ አራተኛው ያ ላይብረሪ ችግር እንዳለበት ይከራከራል። ነገሩ ሲፈታ ተመልሰሽ መፍትሔውን ጻፊ፣ የረዳሽን ሰው ስም ጠርተሽ አመስግኚ። ብዙ ሰው ይሄን አያደርግም። መልስ አግኝቶ ይጠፋል። ተመልሳ የምትጽፍ ልጅ ትታወቃለች።

በሺህ የሚቆጠር ሰው ያለበት ግሩፕ ውስጥ ግን አትኑሪ። ከሚትአፑ በኋላ የተሳታፊዎች ትንሽ ግሩፕ ይከፈታል፤ እሱ ይሻልሻል።

የኮምቦልቻ ጓደኞችሽንም አትርሺ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ዶርማቸውን ይዘው ነው የተዋወቁት አልኩሽ አይደል? አንቺም ዶርም ነበረሽ። ከናንተ ቀድሞ የተመረቀ፣ አሁን እዚህ ባንክ ወይም ሶፍትዌር ቤት የሚሠራ ሰው አይጠፋም። የባችሽ ግሩፕ ላይ «አዲስ አበባ ያላችሁ የኮምቦልቻ ልጆች፣ ቅዳሜ ቡና እንጠጣ» ብለሽ ጻፊ። አራት ሰው ቢመጣ በቂ ነው። ወደ ሚትአፑ ሁለት ሆናችሁ ስትገቡ ያ ጥግ የመያዝ ነገር ራሱ ይጠፋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ አዳራሽ ውስጥ ተያይዛችሁ አትቁሙ፣ ተበተኑ።

የሚቀመጥበት ቦታ ካጣሽ ደግሞ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። በ2014 ነው የተከፈተው፣ ለመግባት አይከፈልም። ካፌ ገብተሽ በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን ከመቀመጥ፣ አስተናጋጁም በዓይኑ ከሚያባርርሽ፣ እዚያ ይሻላል። ላፕቶፑ ላይ ስቲከር የለጠፈ ሰው ካየሽ ሰላም በይው።

አሁን ወደ ሰውዬው ልምጣ። አትሂጂ። ማብራራት አያስፈልገውም ነበር፣ ግን ላብራራ፤ አንቺን የመሰሉ ሌሎች ልጆችም ያነቡታል። ሜንተር የሆነ ሰው ኮድሽን ያያል። የመጀመሪያ ጥያቄው «ሪፖሽን (የኮድሽን ማኅደር) ላኪልኝ» ነው፣ «የት ነሽ?» አይደለም። የሚያገኝሽ በቀን፣ ሰው ባለበት፣ ቢሮ ወይም ሚትአፕ ላይ ነው። ይሄኛውን ፈትኚው ብልሽ፣ «ቅዳሜ ሚትአፑ ላይ እንገናኝ፣ እስከዚያ ኮዴን እይልኝ» በይውና ምን እንደሚል እይ። ሲበሳጭ መልስሽን አገኘሽ ማለት ነው። የሚያውቁት ሰዎች ካሉም ጠይቂ። ደግሞ አንድ ትልቅ ሜንተር መፈለጉን ተዪው። ካንቺ አንድ ዓመት የቀደመች ልጅ ካንቺ አሥር ዓመት ከቀደመ ዳይሬክተር የበለጠ ትጠቅምሻለች፤ ያለፈችበት መንገድ ገና አልተረሳትም።

አክስትሽ ላይ ግን አልፈርድም። ከመገናኛ አያት የታክሲ ሰልፍ ሲመሽ ምን እንደሚመስል እሷም አንቺም ታውቃላችሁ። ሚትአፕ ብዙውን ጊዜ ቅዳሜ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሚሆነውን ምረጪ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ውጪ። «የመጨረሻው ንግግር ቀረብኝ» ብለሽ አትጨነቂ፤ ዋናው ነገር ከመጀመሩ በፊት አልቋል። የምትሄጂበትን ቦታ፣ የምትመለሺበትን ሰዓት አስቀድመሽ ንገሪያት። ወደ አያት የሚሄድ ሰው ካገኘሽ ራይድ ተካፍላችሁ ግቡ፤ ባቡሩም አያት ድረስ ይሄዳል።

እንዲያውም የተሻለ ሐሳብ አለኝ። ሚትአፖች ላይ አምስት ደቂቃ የሚሰጥ አጭር ማቅረቢያ ይኖራል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሄደሽ ከለመዱሽ በኋላ ጠይቂና የእቁቡን አፕ አቅርቢ። አክስትሽን ይዘሻት ሂጂ። አፑ ምኑ ላይ እንዳስቸገራት እሷ ትናገር። «ስሙን ስነካ ሌላ ሰው ይወጣል፣ ጽሑፉም ያንሳል» ትበላቸው። ተጠቃሚውን መድረክ ላይ ያቀረበ ዴሞ አይረሳም። እሷም የት እንደምታመሺ አይታ ትመለሳለች።

ማሠልጠኛውን በተመለከተ፣ «የሥራ ዋስትና» የሚል ቃል የሰማሽበት ቦታ ብር አትክፈይ። ሥራ የሚሰጠው ቀጣሪ ነው፣ አስተማሪ ዋስ ሊሆንበት አይችልም። በጣም ካጓጓሽ ከዚያ ተመርቀው የተቀጠሩ ሰዎችን አገናኙኝ በይ፣ ዋስትናውንም በጽሑፍ ስጡኝ በይ። ያኔ ድምፃቸው ይለወጣል። ደግሞ አንቺ የሶፍትዌር ምህንድስና ተመራቂ ነሽ፤ የጎደለሽ ሰው እንጂ ኮርስ አይመስለኝም። ሰርተፊኬት ካስፈለገሽም በሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ አለ፤ የአንድሮይድና የዳታ ትምህርት አለው። ይሄ ግን መሠረታዊ ነው፣ ብዙ አይጨምርልሽም።

በነገራችን ላይ ሚትአፕ የምታዘጋጁ ልጆች ይሄን ዓምድ እንደምታነቡ አውቃለሁ። ስለዚህ ከእህታችሁ ደብዳቤ ጋር ለእናንተም ሁለት ቃል ልጨምር። ማስታወቂያ ስትለጥፉ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። በር ላይ ሥራው አዲስ ሰው መቀበል ብቻ የሆነ አንድ ልጅ አቁሙ፤ «መጀመሪያ ጊዜሽ ነው?» ብሎ ይዟት ሄዶ ከሁለት ሰዎች ጋር የሚያስተዋውቅ። ባጁ ላይ ከስም ሥር የሚሠሩበትን ኩባንያ ሳይሆን እየሠሩት ያለውን ነገር አስጽፉ፤ ኩባንያ የሌለው ሰው ባጁን በእጁ ሸፍኖ ሲዞር አይቻለሁ። ቢያንስ አንዱ ንግግር በአማርኛ ይሁን። ሴቶች አይመጡልንም ብላችሁ ታማርራላችሁ፣ ዝግጅቱን ግን ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ትጨርሳላችሁ። ግሩፓችሁ ላይም «ጉግል አድርጊ» የሚለውን ሰው ዝም አሰኙት። ጥያቄው ደካማ ከሆነ እንዴት እንደሚጠየቅ አንድ ጊዜ ጽፋችሁ ከላይ ሰክታችሁ አስቀምጡት፣ ለሚመጣው ሁሉ ያገለግላል።

እንግዲህ እህቴ፣ ልብሱን ጠይቀሽኝ ነበር። ጂንስና ስኒከር ይበቃል፣ ማንም ዞር ብሎ አያይሽም። ቲሸርት እዚያው ይሰጣል፤ ዘግይተሽ ከሄድሽ ግን የሚተርፍልሽ ድንኳን የሚያህለው ብቻ ነው።